በአራዳ ያለ አሮጌ ባለ ሰገነት ቤት፦ ክፍሎቹን ሳናበላሽ እንዴት እናድሳቸው?

የድልድዩ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ አንድ አሮጌ ቤት ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው የምጽፈው፤ ነገሩ በሁለት መስመር የሚነገር ስላልሆነ ጽሑፌ ቢረዝም ታገሡኝ።

ቤታችን ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። ምድር ቤቱ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው። ፎቁ ደግሞ በጽድ ቋሚና ማገር ተዋቅሮ በጭቃ የተመረገ፣ ዙሪያውን በእንጨት ሰገነት የተከበበ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። የጣሪያው ጠርዝ እንደ ጥልፍ በተፈለፈለ እንጨት ያጌጠ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው ዛሬም ሳይረግፍ አለ። አያቴ ቤቱን የገዛው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤተሰባችን ለመኖሪያ ያስቀረው ይህንኑ በመሆኑ ከእጃችን ሳይወጣ ቆይቷል። እናቴ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ በሰማንያ ሁለት ዓመቷም ያንን የእንጨት ደረጃ የእጅ መደገፊያውን ይዛ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

ከስምንት ዓመት በፊት የምድር ቤቱንና የፎቁን ግድግዳ ታችኛ ክፍል አንድ ሥራ ተቋራጭ በሲሚንቶ ለስኖልን ነበር። በጊዜው ደስ ብሎን ነበር፤ ንጹሕና ጠንካራ መስሎን ነበርና። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ልስኑ እንደ ቅርፊት እየተነሣ መውደቅ ጀመረ። ባለፈው ጥቅምት በአንዱ ጥግ የወደቀውን ጠርገን ስናይ ከውስጥ ያለው ቋሚ እግሩ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ሆኖ አገኘነው። በደጅ በኩል ካለው ቋሚም ወደ ውስጥ የሚገባ የምስጥ መንገድ አለ።

አሁን ቤተሰቡ ጥቂት ገንዘብ አዋጥቶ ሦስት ክፍል ለማደስ ወስነናል፦ እንግዳ የምንቀበልበትን ትልቁን ክፍል፣ የእናቴን መኝታ ቤትና በሁለቱ መካከል ያለውን መተላለፊያ። በእንግዳ መቀበያው ያለው የችፑድ ኮርኒስ ጎብጦ ነበርና አንዱን ሰሌዳ ስናወርድ ከበላዩ የተወጠረ አሮጌ አቡጀዲ አገኘን፤ ተቀዷል፣ ጠቁሯል፤ በጠርዙ ግን በእጅ የተሣለ ሐረግ ይታይበታል። በመኝታ ቤቱም ግድግዳ ላይ የፕላስቲክ ቀለሙን ስንፍቅ በደረጃ የተለጠፉ የጋዜጣ ገጾች ወጡ። አብዛኞቹ አዲስ ዘመን ናቸው፤ ከሥራቸው ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የኖራ ቀለም አለ። እናቴ ጋዜጦቹን ባየች ጊዜ አልጋው ላይ ተቀምጣ ዝም አለች፤ ከዚያ አባቷ በዱቄት ሙጫ ሲለጥፋቸው እሷ ወረቀት ታቀብል እንደነበር ነገረችን። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍቂያውን አቁመናል።

ወንድሜ የጣውላው ወለል ተነሥቶ ሴራሚክ ይነጠፍ ይላል። እኔ ደግሞ እንግሊዝ አገር ያሉ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠሩ ቤቶች የታደሱባቸውን ፎቶግራፎች ሳይ ከርሜ፣ የተፈለፈለው እንጨታቸውና ሰገነታቸው የእኛን ቤት ስለመሰለኝ፣ ጥቁር አረንጓዴ የግድግዳ ወረቀት፣ ከፍ ያለ ዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ የሚዞር ጠርዝ)፣ ከኮርኒሱ መሐል የጀሶ ጽጌረዳ፣ ከባድ ቀይ መጋረጃ እያልኩ ማሰብ ጀምሬአለሁ። ይህ ለቤቱ ይስማማዋል ወይስ ያጠፋዋል? ሥራውስ ከምን ይጀመራል? እናቴ በእድሳቱ ጊዜ ከቤቱ መውጣት አትፈልግም፤ እኔም ላስወጣት አልደፍርም።

ጽድና ወይራ

ልጄ፣ አርባ ዓመት በአናጺነት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ብዙውን ያሳለፍኩት በአራዳና በሠራተኛ ሰፈር ቤቶች ላይ ነው። የጠየቅሽው ስለ ክፍሎቹ ውበት ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ ስለ ውኃ እነግርሻለሁ፤ መጋረጃሽም ወረቀትሽም ከውኃው በኋላ ይደርሳል።

የጭቃ ቤት ባርኔጣው ሰፊ፣ ጫማው ደረቅ ከሆነ መቶ ዓመት ይኖራል። የእናንተ ቤት ሰገነትና ወጣ ያለ ጣሪያ ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የሐምሌ ዝናብ ከነፋስና ከበረዶ ጋር በጎን ሲመታ ግድግዳው እንዳይነካ የተሠራ ጃንጥላ ነው። ስለዚህ በበጋው ጣሪያው ላይ ወጥተሽ የላላ ምስማር፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሞላ አሸንዳ መኖሩን አስመልክቺ። ከዚያ ወደ ታች ውረጂ። በቁልቁለት ላይ ያለ ቤት ከላይ ካለው ጎረቤት ግቢ የሚወርደውን ጎርፍ በወገቡ ነው የሚቀበለው። ከቤቱ ጀርባ በኩል፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ወደ ጎን ካልተመለሰ የምትሠሪው ሁሉ በሁለት ክረምት ይመለስብሻል። መሠረቱ ሥር ግን እንዳይቆፈር ተጠንቀቂ፤ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ እግሩ ከተነካ ይንሸራተታል።

ሲሚንቶው ቋሚውን እንዴት እንዳበሰበሰው ግልጽ ላድርግልሽ። ጭቃ እርጥበትን ይቀበላል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይለቃል። ሲሚንቶ ግን በጭቃው ላይ እንደ ላስቲክ ተጣብቆ ከመሬት የሚወጣውንና በስንጥቅ የገባውን እርጥበት ከውስጥ ያፍነዋል፤ መውጫ ያጣው ውኃ እንጨቱ ውስጥ ይቀመጣል። ጽድና ወይራ ምስጥን የሚቋቋሙ እንጨቶች ናቸው፤ ታፍነው ለዓመታት ከረጠቡ ግን እነሱም ይሸነፋሉ። እንግዲህ ሲሚንቶው ይነሣ። በመዶሻ ተመትቶ ሳይሆን በትንሽ መሮ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በቀን ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይነሣ፤ ግድግዳው ዕረፍት ያግኝ፤ ቢያንስ አንድ በጋ ይድረቅ።

የተበላው ቋሚ ሙሉ በሙሉ መለወጥ የለበትም። የላይኛው ደኅና ከሆነ በሁለት በኩል ፑንቴሎ (መደገፊያ ምሰሶ) አስገብቶ ጭነቱን ከተሸከሙ በኋላ፣ የበሰበሰውን እግር ደኅናው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ሰያፍ ቆርጦ፣ በዚያው ልክ የተቆረጠ ደረቅ ጽድ ገጥሞ በብሎን ማሰር ነው። አዲሱ እግር አፈር ላይ እንዳይቀመጥ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባለት። ክሪክ የሚጠቀም ባለሙያ ብታመጪ በአንድ ቀን ቤቱን ቀጥ አደርጋለሁ ካለሽ አሰናብቺው፤ መቶ ዓመት የዘመመ ቤት በአንድ ቀን ሲነሣ መስታወቱም ልስኑም ይሰነጠቃል። እኔ ቤት ሳነሣ በቀን ከጣት ውፍረት በታች ነው፤ ብዙ ጊዜም የዘመመውን እንደ ዘመመ አጽንቼ እተወዋለሁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለአጥር እንጨት ነው፤ እናትሽ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ አይግባ፤ ሽታው አይለቅም፣ ቀለምም አያስይዝም።

ለምርጊቱ የሚሆነውን ጭቃ በሲሚንቶ ፋንታ ከዚያው ከወደቀው አሮጌ ጭቃ ጋር አደባልቃችሁ ሥሩት፤ ያ አፈር የተመረጠና የተፈተነ ነው፤ አይጣል። ተነፍቶ፣ የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ በየቀኑ ውኃ እየጠጣና በእግር እየተረገጠ ከሳምንት በላይ ይቆይ፤ መሽተት ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ድርብ ሲደርቅ መሰንጠቁ አያስደንግጥሽ፤ ሁለተኛው የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው። መጨረሻው ደቃቅ ጭድና እበት የገባበት ቀጭን ልስን፣ ከዚያ በላይ ኖራ።

የወንድምሽን ሐሳብ በተመለከተ፦ ሴራሚክ የሚፈልገው የማይነቃነቅ መደብ ነው። የፎቅ ጣውላ በሰው እርምጃ ይተነፍሳል፤ ሴራሚኩ በመጀመሪያው ዓመት ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ የሚፈስሰው ሲሚንቶ ክብደትም ለአሮጌው ተሸካሚ እንጨት ሸክም ነው። ጣውላው ቢያረጅም ሰፊና ወፍራም ነው፤ ዛሬ በገንዘብም አታገኚውም። የላላውን በብሎን አስይዢ፣ የጠፋውን በአሮጌ ጣውላ ተኪ፤ ምናለሽ ተራ በትዕግሥት ለሚፈልግ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላም የበር ማጠፊያም ይገኛል።

የሕንፃ ታሪክ መምህር

የአናጺው ምክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትክክል ስለሆነ እኔ አልደግመውም። በቪክቶሪያ ዘመን ቤትና በእርስዎ ቤት መካከል ስላዩት መመሳሰል ግን ልጻፍ፤ ጉዳዩ የምን ወረቀት እንለጥፍ ከሚለው ይሰፋልና።

መመሳሰሉን በትክክል አይተዋል፤ ዘመኑም ተነካክቷል። ቪክቶሪያ የነገሠችው እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በ1879 ዓ.ም. ስለተቆረቆረች ንግሥቲቱ ስትሞት ከተማችን ገና ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ድምፅዋን በፎኖግራፍ ቀርጻ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክት መላኳም የሚታወቅ ነው። ይሁንና በአራዳ የተሠሩት ባለ ሰገነት ቤቶች ከለንደን የተቀዱ አይደሉም። የአገሩ የጭቃና የእንጨት ሥራ፣ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ፣ የመሳፍንቱና የነጋዴው ቤት የሚጠይቀው የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት ተገናኝተው የወለዷቸው ናቸው። ወደ መስቀል አደባባይ ሄደው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ቤት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን፣ ቆመው ቢመለከቱት ሰገነቱ፣ ወጣ ያለው ጣሪያና የእንጨቱ ሥራ በአንድነት የሚናገሩትን ያያሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከልም ሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ቆርቆሮው፣ ምስማሩና መስታወቱ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ የመጣ ነው። እንጨቱም ቢሆን ባሕር ዛፍ ገና ከተማዋን ባልሸፈነበት ጊዜ እንደ መናገሻ ካለ ሩቅ ደን ነበር የሚጎተተው። ስለዚህ በመስኮትዎ ላይ ትንሽ ሞገድ ያለው አሮጌ መስታወት ካለ፣ ከሱ በስተጀርባ ያለው ዛፍ ሲንቀሳቀሱ የሚጣመም ከመሰለዎት፣ እባክዎ በአዲስ አይለውጡት። ባለ አሉሚኒየም መስኮት እናስገባ የሚል ባለሙያ ቢመጣ አይስሙት።

ጥቁር አረንጓዴ ወረቀትና የጀሶ ጽጌረዳ ያሉትን አልደግፍም። ያ ጌጥ የተፈጠረው በከሰል ጢስና በጋዝ መብራት ለሚኖሩ፣ ክረምታቸው ለረዘመ፣ ከጡብ ለተሠሩ ቤቶች ነው። የእርስዎ ክፍል ብርሃን በሰገነቱ ጥላ ሥር ተጣርቶ ነው የሚገባው፤ ለዚህ ነው ቀደምቶቹ ግድግዳውን በነጭና በሰማያዊ ኖራ ያበሩት። ጥቁር አረንጓዴ ቢያስገቡበት በቀን መብራት ማብራት ሊኖርብዎ ነው። ይልቅስ ክፍሉ ራሱ ምን ለብሶ እንደነበር ይጠይቁት። ከበሩ ጀርባ፣ ከመስኮቱ መደብ ሥር፣ ከዞኮሎው በላይ፣ ማንም በማይነካው ቦታ የእጅ መዳፍ የሚያህል ስፍራ መርጠው ቀለሙን በስለት ድርብ በድርብ እንደ ደረጃ ይግለጡት፤ እያንዳንዱን ድርብ በቀን ብርሃን ፎቶግራፍ ያንሡት። የቤተሰብ አልበምም ማስረጃ ነው። በዚያ ዘመን ሰርግና ክርስትና በሰገነት ላይ ይነሡ ስለነበር ከሰዎቹ ኋላ የሚታየው በር፣ መጋረጃና ስጋጃ ብዙ ይነግርዎታል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የበሩ ጠርዝ ከበሩ ገላ የጠቆረ ወይም የነጣ መሆኑን ያሳያል።

ሐረግ ያለበትን አቡጀዲ በተመለከተ ልመናዬ አንድ ነው፦ አይጣል። ከላይ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገው፣ ጠርዙን በሙሉ ፎቶ አንሥተው፣ ሐረጉን በስስ ወረቀት ገልብጠው ይያዙ። ጨርቁ ራሱን ችሎ መወጠር ካቃተው ሐረጉ ያለበት ጠርዝ ተቆርጦ በፍሬም ይቀመጥ፤ ለኮርኒሱ አዲስ አቡጀዲ ተሰፍቶ ይወጠርና ሐረጉ ከተገለበጠው ወረቀት ዳግም ይሣልበት። ችፑዱን መልሰው አይስቀሉት፤ አቡጀዲ አየር ያሳልፋል፣ ጣሪያው ቢያፈስስም እድፉ ወዲያው ይታያል፤ ችፑድ ግን ጎብጦ እስኪወድቅ ድረስ ይደብቅብዎታል።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡንና አለመመዝገቡን በክፍለ ከተማው ባህልና ቱሪዝምን በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቅርስ ባለቤት ቤቱን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበትና የጥገና ሥራ በቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድመ ፈቃድ እንዲከናወን ያዝዛል። ፈቃዱ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ማመልከቻውን ግድግዳው በሚደርቅበት በጋ ማስገባት ይሻላል።

ቀለም ቀቢው (ከባሕር ማዶ የተመለሰ)

እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ለንደን ውስጥ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶችን ስቀባና ስጠግን ኖሬ ነው ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት፤ ስለዚህ ከዚያ አገር ምን እንደሚወሰድና ምን እንደሚተው የማውቀውን ላካፍልዎ፣ እህቴ።

በፎቶ ያዩት ውበት ከግብርና ከፋብሪካ የተወለደ ነው። እንግሊዞች በግድግዳ ወረቀት ላይ የነበረውን ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ1836፣ የመስታወቱን በ1845፣ የመስኮቱን ግብር በ1851 ሲያነሡና ወረቀት በማሽን መታተም ሲጀምር፣ መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱን በወረቀትና በሰፊ መስታወት አለበሰ። አያትዎ በዱቄት ሙጫ የለጠፉት አዲስ ዘመንም በእኔ ዓይን ከዚያ የሚለይ አይደለም፤ በእጅ በተገኘ የታተመ ወረቀት ክፍልን ማሞቅና ማስዋብ ነው። እንግሊዝ አገር ከሥር የሚገኝ አሮጌ ወረቀት ሲገኝ ሥራ ይቆማል፣ ባለሙያ ይጠራል። የእናንተ ጋዜጣ ለምን ከዚያ ያነሰ ክብር ያገኛል? እንደኔ ቢሆን ከእናትዎ አልጋ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ሙሉውን እንዳለ አስቀርቼ፣ የተነሡትን ጠርዞች በቀጭን የስንዴ ዱቄት ሙጫ መልሼ አጣብቄ፣ የቀሩትን ሦስት ግድግዳዎች ብቻ በሰማያዊ ኖራ እቀባቸው ነበር።

ያ ጥቁር አረንጓዴ የሚያምር ቀለም ታሪኩ መራራ ነው። በዘመኑ ብዙው አረንጓዴ የግድግዳ ወረቀት የሚቀለመው አርሴኒክ ባለበት ቀለም ነበር፤ ሠራተኞችንም ነዋሪዎችንም መርዟል። ዛሬ የሚሸጠው ያ የለበትም፤ ነገር ግን በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ዘመናዊ የፕላስቲክ ወረቀት ሲሚንቶው ያደረሰውን ጉዳት ይደግመዋል፤ በጀርባው ሻጋታ ያበቅላል። ወረቀቱን ይተዉት።

ከዚያ አገር ይወሰድ የምለው ሌላ ነው። በቪክቶሪያ ዘመን ክፍል ውስጥ ከኮርኒሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን የእንጨት መስመር አለ፤ ሥዕልና ፎቶ በግድግዳው ላይ ምስማር ሳይመታ ከዚያ ላይ በገመድ ይንጠለጠላል። ለጭቃ ቤት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። እኛ ቤት የአያት ፎቶ ለመስቀል ምስማር በተመታ ቁጥር ልስኑ ይረግፋል፣ ምስማሩም ይላላል። ይህ እንጨት ግን በቋሚዎቹ ላይ ብቻ በብሎን ይታሰራል፤ ቋሚው የት እንዳለ ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ ድምፁ ሲደድር ያገኙታል። የቤተሰቡን ፎቶዎች፣ የግድግዳ ሰዓቱን፣ የቅዱሳኑን ሥዕል ሁሉ በዚያ መስቀል ይቻላል።

ሌላው የሚወሰደው ሐሳብ ነው። ዊልያም ሞሪስ የተባለው የጥበብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1877 ከባልደረቦቹ ጋር የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ለንደን ላይ ያቋቋመው፣ በእድሳት ስም አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ሲፋቁና አዲስ መስለው ሲወጡ አይቶ ተቆጥቶ ነበር። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ የሚያስተምረውም በየጊዜው ትንንሽ ጥገና እያደረጉ ትልቁን እድሳት ማስቀረትን ነው። ጽድና ወይራ ያሉት አባታችን ስለ ቋሚው እግር የጻፉትን ሳነብ ይኸው ትምህርት ትዝ አለኝ።

የእንጨቱን ቀለም በተመለከተ፣ በሩና መስኮቱ ላይ ያለው አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት አይፈግ፤ አቧራው ለእናትዎም ለሕፃናትም መርዝ ነው። እያረጠቡ በመፋቂያ ያንሡት፣ ፍርፋሪውን በላስቲክ ሰብስበው ያስወግዱ፤ የሚሠራበትን ክፍል በር በእርጥብ አንሶላ ይከልሉ። ደኅና ተጣብቆ ያለውን ቀለም ጨርሶ አይንኩት። ለተራቆተው እንጨት የተልባ ዘይት በስሱ፣ በጨርቅ እየተሸ፣ ድርቡ ሳይደርቅ ሌላ ሳይጨመር ይቀባ። ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ተጨብጦ አይጣል፤ በራሱ ሙቀት ይቀጣጠላልና ተዘርግቶ ደጅ ይድረቅ።

ጽድና ወይራ

በጋዜጣው ላይ ከቀለም ቀቢው ጋር አልስማማም። ምስጥ ወረቀትና ሙጫ ይወዳል። ግድግዳው ምስጥ ባለበት በኩል ከሆነ ወረቀቱን በጥንቃቄ አንሥቶ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ወረቀት ከነምስጡ አቅፎ መኖር ለእናትሽም ለቤቱም አይበጅም። ፎቶ ለመስቀል ስለተባለው እንጨት ግን እጁ ይባረክ፤ እኔ ራሴ ከዛሬ ጀምሮ እሠራዋለሁ።

መብራት ሠራተኛ ከአራት ኪሎ

ሁላችሁም ያላነሣችሁት የኤሌክትሪክ መስመር ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በሸክላ ማቀፊያ የተያዘ አሮጌ ሽቦ ከአቡጀዲው በላይ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ ሽፋኑ ሲነኩት ይፈረፈራል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልን ያየን ሰዎች አሮጌ የእንጨት ቤት እሳት ሲይዘው ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አንረሳውም። ኮርኒሱ ተወርዶ ሳለ ሽቦው ሁሉ ይለወጥ፤ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ሳይሆን ከዞኮሎው በላይና በበሩ ጠርዝ በግልጽ በሚታይ ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) ይሂድ። ለምጣድ የተለየ መስመር ይኑረው፤ ከቆጣሪው ቀጥሎም ሽቦው መሬት ሲነካ ወዲያው የሚቆርጥ ማቋረጫ ይግባ።

የድልድዩ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ስለ ቋሚው እግር ሲደርስ «ይህ ሰው አባቴን ያውቀዋል?» አለችኝ፤ አያቴም በ1950ዎቹ አንዱን የሰገነት ቋሚ በዚሁ መንገድ አስጠግኖ ኖሯል። ወጥተን አየነው፤ ሰያፍ መጋጠሚያው ከቀለሙ ሥር በጣት ይዳሰሳል፣ አልተነቃነቀም።

የሴራሚኩ ነገር ቀርቷል፤ ወንድሜም አናጺው የጻፉትን ራሱ አንብቦ ተስማማ። ከበሩ ጀርባ ቀለሙን ስገልጥ አምስት ድርብ አገኘሁ፤ ከሁሉም ሥር ያለው የገብስ ቆሎ የመሰለ ቡናማ ነው፤ የበሩ ጠርዝ ደግሞ አረንጓዴ ኖሯል። ስለዚህ አረንጓዴዬን በግድግዳው ላይ ባላገኘውም በበሩ ጠርዝ ላይ አገኘዋለሁ። ክፍለ ከተማው ሄጄ ማመልከቻውን ሰጥቻለሁ።

ጋዜጣው ያለበት ግድግዳ በምሥራቅ በኩል ያለው ነው፤ ምስጡ ያለው በምዕራብ፣ በደጁ በኩል ነው። ጋሼ፣ በዚህ ሁኔታ ወረቀቱ ባለበት ቢቆይ ይፈቅዱልኛል? እናቴ አንሡት ብላችሁ እንዳትነግሩኝ እያለች ነው። ደግሞ ጭዱን መቼ ብንገዛ ይሻላል?

ጽድና ወይራ

በምሥራቅ ከሆነ ይቆይ። ከግድግዳው ግርጌ አንድ ስንዝር ያህል ወረቀቱን አንሥተሽ ባዶ ኖራ አድርጊው፤ ምስጥ ቢመጣ መንገዱ በነጩ ላይ ይታይሻል፤ በየወሩም እይው። ጭዱን ከታኅሣሥ በኋላ፣ አዲሱ ጤፍ ከተወቃ በኋላ ግዢ፤ ያለፈው ዓመት ጭድ ዝናብ መትቶት ከሆነ ጥንካሬ የለውም። የጭቃውን ጉድጓድ ከደጁ ቋሚ ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ። እናትሽ ከቤት ካልወጣች መኝታ ቤቱ መጨረሻ ይሠራ፤ እስከዚያ እንግዳ መቀበያው ይደርሳል፣ አልጋዋን ወደዚያ ማዛወር ትችላላችሁ።